ቅዳሜን የጠየቅኩበት ቤት

«አንቺ እኮ ለዛሬ ትምህርት የተላክሽልን ነሽ!» አሉኝ ፕሮፌሶሬ፣ የሾርባ ሳህን ይዤ ፊታቸው እንደቆምኩ።

እኚህ ሰውዬ ረቢ ለመሆን የሚማሩ ወጣቶችን ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው ሰብስበው፣ የአይሁድን ሕግ በዕለት ኑሮ ላይ እንዴት እንደሚያውሉት ያስተምራሉ። እኔ እዚያው እያደርኩ አበስላለሁ፣ አጸዳለሁ።

የጠየቅኳቸው አንድ ቅዳሜ እንዲፈቅዱልኝ ነው። የትዕግሥት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ቅዳሜ ይሞላል፤ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ። ሴት ልጅን ሴት ናት የምታነሳት፣ ትዕግሥት ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ከአዲስ አበባ የወጣሁ ማታ እናቴ ቦሌ ላይ «ማን አለሽ?» እያለች አለቀሰች። እዚህ ስደርስ ሮማኒና በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈሯ አልጋዋን ያካፈለችኝ ትዕግሥት ናት። ሰማንያ እንደሆነ እንደ ፔርሜሶ፣ እንደ መኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ አይራዘምም!

አገር ቤት የሠራሁላቸው እትዬ አስካለ ቢሆኑ «ሂጂ» ወይም «የት አባሽ!» ብለው ይገላግሉኝ ነበር። እኚህ ግን ከነጥያቄዬ ለተማሪ ሰጡኝ።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣ ሠራተኛዋ ቃል ገብታለች። እኛም ለቅዳሜ ምሳ እንግዳ ጠርተናል። የቱ ይቀድማል?» አሏቸው።

አንዱ መጽሐፍ ገለጠ። ሌላው ዳቦ እያኘከ እህል ሲያበራይ አፉን አትሰር ስለተባለለት በሬ አነሳ። እውነቴን ነው፣ ስለ በሬ! ሾርባው ቀዘቀዘ፣ አሞቅኩት፣ ደግሞ ቀዘቀዘ።

ባለመነጽሩ ተማሪ «ለመሆኑ እሷን ጠይቀናታል?» አለ።

«ግሩም ጥያቄ! ለሚመጣው ሐሙስ ይቆየን» አሉ ፕሮፌሶሬ።

«ፕሮፌሶሬ፣ ቅዳሜ እኮ ከሐሙስ በፊት ነው» አልኩ።

«አያችሁ?» አሉ ወደ እነሱ ዞረው። «የጊዜም ጉዳይ አለበት!»

ሲወጡ ሁሉም ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ አመሰገኑኝ። ሂጂም አትሂጂም ያለኝ የለም። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በሰንበታቸው መብራት አይነኩም፤ «አብሪ» ብሎ ማዘዝም ክልክል ነው። ስለዚህ ፕሮፌሶሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለግድግዳው ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። «ዛሬ ይበርዳል» ሲሉ ማሞቂያውን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሽንት ቤት ገብቼ እስቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነጠላዬን ለብሼ ጫማዬን ሳስር ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። አዩኝ፣ ነጠላውንም አዩት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው፣

«ይህ ቤት ምንኛ ጨልሟል» አሉ።

እኔም ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ፣

«ሮማኒና ምንኛ ሩቅ ነው» አልኩና በሩን ከፍቼ ወጣሁ።