ሁለት ቁጥርና የአምስት ዓመቱ ቦንድ

እስቲ ያቺን ሴት ተመልከቷት። ባንኩ ውስጥ፣ ሁለተኛው መስኮት ጋ፣ ጣቷን እርጥብ ስፖንጅ ላይ እያሳረፈች ገንዘብ የምትቆጥረዋን። ሃያ አንድ ዓመት ከዚያ ወንበር አልተነሳችም፤ ደንበኞቿ «ሁለት ቁጥር» ይሏታል። ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የቦንድ ሻጮች ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ አናቱ ላይ የታናሽ እህቷ ስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ዛሬ አስቀምጦ ነገ ያወጣል፤ ባንኩ ግን ለፎቅ ሠሪው ለአሥር ዓመት ያበድራል። ቶሎ የማይወጣ ገንዘብ ሲያምረው ቦንድ ይሸጣል፤ አበዳሪው ራሱ ተበዳሪ ሆነ ማለት ነው። የገዛ ሰው በየስድስት ወሩ ወለድ ይቀበላል፤ ዋናውን ግን አምስት ዓመት ሳይሞላ አይነካም። በብዛት የሚሸጠው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛም ግን ደንበኛውን ቅጽ ማስፈረም ይችላል። እህቷ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጣ፣ ለአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ስልክ ደውላ፣ ሁለት ቁጥር በዕድሜዋ ያልሰበሰበችውን በአንድ ጠዋት ሰበሰበች።

«ታናሽሽ ጉድ ሠራችሽ እኮ!» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እኔ በጣቴ እለቅማለሁ፣ እሷ በአካፋ ትዝቃለች።»

ሳቀች። የሳቀው ጥርሷ ብቻ ነው። ደብተር ገዝታ፣ ጫማ ገዝታ፣ የራሷን ትምህርት አቋርጣ ያስተማረቻት ልጅ! አንጀቷ ተቃጠለ።

በዚህ መሃል አናጢው መጡ። ለሚስታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና አሥራ አራት ዓመት እዚሁ መስኮት ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቀጠሮው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ሁለት ቁጥርም ታውቃለች። አናጢው ወረቀት አያነቡም። እሷ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ታደርግላቸዋለች፤ እሳቸው እዚያ ላይ ይፈርማሉ።

«አባባ፣ ይሄኛው ወለዱ ይሻላል» አለቻቸው፣ የቦንዱን ቅጽ ወደ እሳቸው እየገፋች።

«አንቺ ካልሽ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።»

ፈረሙ። አምስት ዓመት የምትለዋን ቃል ዋጠቻት። አልዋሸችም የሚል ካለ አፉን ይያዝ! እንዲህ ያለው ዝምታ ከውሸት ይብሳል። ሰሌዳው ላይ ስሟ ወጣ፤ ከእህቷ ሥር፣ ከዝሆን ሥር እንዳለች ቁንጫ። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ ደስ አላት።

በማግስቱ፣ ሽያጩ በሚዘጋበት ቀን፣ አናጢው ሚስታቸውን እጇን ይዘው መጡ። ሴትየዋ ባንኮኒውን እየዳበሰች ቀረበች።

«ሁለት ቁጥር የምትባዪው አንቺ ነሽ? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት። ፊትሽን ደግሞ ከአራት ወር በኋላ አየዋለሁ።»

ሁለት ቁጥር መስኮቱን ዘግታ ደረጃውን ወጣች። ያን ቅጽ ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት ልትሰርዝ የምትችለው እህቷ ብቻ ነበረች።

«እትዬ! አንቺ እዚህ ፎቅ? ፀሐይ በየት ወጣች?»

«የአናጢውን ቅጽ ሰርዢው።»

«ለምን? አልፈለጉትም?»

«አልነገርኳቸውም። ገንዘቡ ለሕክምና ነው። እያወቅሁ ነው ያስፈረምኳቸው።»

እህቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እያወቅሽ? በምን ምክንያት?»

«በአንቺ። ስምሽን ከዚያ ሰሌዳ አናት ላይ ማየት አቃተኝ።»

ታናሺቱ ቅጹን ፈልጋ በቀይ ሰረዘችው፤ የሆነውን የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፋም ለሥራ አስኪያጁ ላከችው። ሁለት ቁጥር ስትወርድ ስሟ ከሰሌዳው ጠፍቷል፤ የእህቷ እዚያው አናት ላይ ነው። ቅናቱ ለቀቃት ብዬ አልዋሻችሁም። ወርዳም ቀና ብላ አየችው፤ ያው አቃጠላት። ለአናጢው ግን ገንዘባቸው ያለበትን የቁጠባ ደብተር መልሳ ሰጠቻቸው፤ የሠራችውንም ከነምክንያቱ ነገረቻቸው።

እናንተም እባካችሁ፣ የምታምኑት ሰው «እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲላችሁ እጃችሁን ያዝ አድርጉና «ገንዘቤን የማገኘው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ።