ያልዘቀጠ ወርቅ

የታሰርኩባት ክፍል ቀድሞ የበቆሎ መጋዘን ነበረች። በቆሎው ወጥቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ገብቶባታል፤ ነቀዙ ግን አልወጣም። ከበሩ በላይ መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። የሐይቁ የዓሣ ሽታ በእሷ ይገባል፤ አየር ግን የሚገባ አይመስልም።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ያለችኝ ወርቅ ሠሪ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ «እጄ ሥራ ይዟል» ብዬ ቀርቻለሁ። ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ለሌላው ግን እወቅሳለሁ።

ያስያዘኝ አንድ ጠርሙስ ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ከእኔ የወርቅ ብናኝ እየገዛ በአሲድ ያሟሟዋል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ዓይን ሊያየው እስከማይችል ድረስ ደቅቆ እንዲወጣ ያደርገዋል። እንዲያ ሲደቅ ወርቁ ቢጫነቱን ይተውና ውኃው እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል። የሱቄ ጓዳ ጨለማና ቀዝቃዛ ስለሆነ አንዱን ጠርሙስ እኔ ዘንድ አስቀመጠ። የቀበሌ ጥበቃዎች ሲፈትሹ አገኙት። የተከለከለ ጽሑፍ ፍለጋ ነበር የመጡት፤ ማንበብ የማይችል ሰው ቤት።

መርማሪው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመና፣ «ይኼ ለከተማው የውኃ ጋን የተዘጋጀ መርዝ ነው» አለኝ። የተጻፈ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «አውራ ጣትህን አሳርፍ።»

«ምን ይላል?»

«አንተ ቀጥቃጭ፣ ቢነበብልህስ ይገባሃል?»

ከራሱ በላይ ስለ ሠራተኛው ክብር የተጻፈ ጨርቅ ተሰቅሏል። ምን እንደሚል ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ጣት እኔም መምህሩም እንደምንገደል ለማወቅ ግን ፊደል አላስፈለገኝም። አላሳረፍኩም። ሁለት ጥርስ አስከፈለኝ።

መምህሩን እዚያችው ክፍል አገኘሁት። ሌላ የምንሠራው ስላልነበረ ፊደል ያስተምረኝ ጀመር። እሱ ግድግዳው ላይ በከሰል ይጽፋል፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ከሀ አልጀመረም። «ከምታውቀው ነገር እንነሳ» አለና «ወርቅ» ብሎ ጻፈ። እሷን ስለምድ «ነው»ን ጨመረልኝ።

ስለ ጠርሙሱም ጠየቅሁት።

«እንዲህ የደቀቀ ማዕድን ራሱ ሳያልቅ ሌላውን ኬሚካል ያሯሩጣል» አለኝ። «ችግሩ፣ ቅንጣቶቹ ተለያይተው መቆየት አይሆንላቸውም። ይጣበቃሉ፣ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ይዘቅጣል። ከተጣበቀ በኋላ ሥራ የለውም። ሁለት ዓመት የለፋሁት እንዳይጣበቅ ነው። ጨው ከነካውማ አንድ ደቂቃም አይቆይ።»

አጠገባችን የተኛው የጭነት መኪና ሾፌር ሳይዞር፣ «እኛንም እዚህ ያጣበቁን ለዚሁ ነዋ» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ያ ጨው ለመምህሩ ሐሳብ ሰጠው። መርማሪው ፊት ጨው ቢጨመርበት ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወርቁም ከሥር ይወርዳል፤ መርዝ አለመሆኑ ይታያል። በጥበቃዎቹ በኩል ለመርማሪው መልእክት ላከ። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን።

መርማሪው ከጠርሙሱ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳ። መምህሩ ጨው ቆንጥሮ ጨመረ። ጠበቅን። ውኃው ቀይ ነው። እንደገና ጨመረ። ቀይ ነው።

«ሰማያዊው የታለ፣ ምሁሩ?» አለ መርማሪው። መልስ አልጠበቀም፤ በዱላ አፉን ብሎ ጣለው።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«ሙጫ ጨምሬበታለሁ» አልኩ።

መምህሩ ከወደቀበት ቀና አለ። «የምን ሙጫ?»

«የግራር። ባስቀመጡት በሦስተኛው ቀን ወደ ሥሩ ሲጠቁር አየሁ። እኔ ያበላሸሁት መሰለኝ፣ መምህር። ጌጥ ስሠራ ብናኙን እሳት እስኪይዘው ድረስ በሙጫ ነው የማቆመው። ትንሽ በጥብጬ ጨመርኩ። አፍሬ አልነገርኩዎትም።»

ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ደሙን በእጅጌው ጠረገና መሳቅ ጀመረ። «ጨው ፊት ቆመ» አለ። «አንተ ሰው፣ ሁለት ዓመት ያቃተኝን በቁንጥር ሙጫ ጨርሰኸዋል።» ያን ያህል የተደሰተ ሰው እዚያ ግቢ አይቼ አላውቅም።

መርማሪው ዱላውን እንደገና አነሳ።

«ጓድ፣ በእኛ ሙያ ላሳይዎት» አልኩት። «ወርቅ ሠሪ ጥራጊውን አይጥልም። አቧራውን፣ ጨርቁን፣ የእጁን እጣቢ አጠራቅሞ ያቃጥላል። ሌላው ይጨሳል፣ ወርቁ ይቀራል። ዕቃዬን ከሱቅ ያስመጡልኝ።»

«ባይወጣስ?»

«አሥሩንም ጣቴን አሳርፋለሁ።»

መምህሩ መሳቁን ተወ። በጠርሙሱ ያለው ወርቅ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያውቃል።

ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጠልኩ። ውኃውን እስከ ቀትር አፍልቼ አደረቅሁት። ድስቱ ሥር ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ቀረ። ፋቅሁና ማቅለጫዬ ላይ አደረግሁት፣ ወርቅ ቶሎ የሚያቀልጠውን ነጭ ዱቄት፣ ቦራክስ፣ ነሰነስኩበት፣ በመዳብ ቱቦዬ እሳቱን እነፋበት ጀመር። በወለቁት ጥርሶቼ ክፍተት ትንፋሹ ያመልጠኛል። በጣቴ ከንፈሬን ደፍኜ ነፋሁ። ጥበቃዎቹ ተሰበሰቡ። ሙጫው ሸተተ፣ ጨሰ፣ ጠፋ። ከዚያ መሐል ላይ አንዲት ነጥብ ተሰብስባ ተንከባለለች፤ ዓይኗን ገለጠች።

ስትቀዘቅዝ መርማሪው መዳፍ ላይ ጣልኳት። የሰናፍጭ ፍሬ ታህላለች። ቢጫ ናት።

«ትንሽ ናት» አለ።

«መርዝ ግን አይደለችም።»

ያንኑ ወረቀት አውጥቶ የቀለም መርገጫውን አስጠጋልኝ። ልማድ ይሁን እልህ አላውቅም። የቀለሙን መርገጫ ወደ ጎን ገፋሁና ከኪሱ ላይ እስክሪብቶውን ጠየቅሁት። ምን ላደርግ እንደሆነ ለማየት ነው መሰለኝ፣ ሰጠኝ። አጎንብሼ፣ ከእነሱ ጽሑፍ ሥር፣ ግድግዳው ላይ የለመድኳቸውን አምስት ፊደላት ጻፍኩ። በሕይወቴ ወረቀት ላይ የጻፍኳቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

አነበበው። ሌላ ወረቀት አላመጣም።

አልፈቱንም። የመርዙ ክስ ቀረ፣ ሌላ ሰበብ ተፈለገልን፣ ወራት ተቀመጥን። ወርቋንም እሱ አስቀራት። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽም። ስንወጣ ግን ሁለታችንም በእግራችን ወጣን። ሾፌሩ ብቻ ነው ያልወጣው።

መምህሩ በተፈታ በሳምንቱ ሱቄ መጣና አዲስ ጠርሙስ ሠራን። ሙጫውን እኔ ጨመርኩ፣ እሱ ቆሞ እያየ። እሱ አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ፤ በዚያ ዘመን ለነበርን ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። ጠርሙሱ ዛሬም ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። አልጠቆረም፣ አልዘቀጠም። እንግዳ ሲመጣ አውጥቼ ብርሃን ላይ አነሳዋለሁ። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ አልመልስም። የተለጠፈበትን ወረቀት አንብቡ እላቸዋለሁ። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ወ ትንሽ ዘመም ብላለች እንጂ ይነበባል።