ከብት ከመለቀቁ በፊት

እኔስ ፌስታል መልቀም መርሮኛል። አዝመራው ከተነሣ ጀምሮ ገብስ ማሳችን ላይ ወገቤን አጉብጬ ነው የምውለው።

ነገሩ ከኮምፖስት ጋር መጣ። ያን ጊዜ በየቤቱ ጉድጓድ እየቆፈርን ቅጠሉን፣ አመዱን፣ እበቱን እየደራረብን ማዳበሪያ እናደርግ ነበር። ሰቆጣ ገበያ ላይ ደግሞ አንድ አረንጓዴ ፌስታል ወጣ። የግብርና ባለሙያው ሰብስቦን፣ ይሄ እንደ ሌላው አይደለም፣ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ከቅጠሉ ጋር ጨምሩት አለን። እናቴ የተባለችውን አድራጊ ናት፤ ከገበያ የመጣውን ፌስታል ሁሉ ጨመረችው።

አዬ መበስበስ! ጉድጓዱ ሲከፈት ቅጠሉ አፈር ሆኗል፤ ፌስታሉ ተበጣጥሶ ቁጭ ብሏል። ስንጠይቅ፣ ሙቀትና እርጥበት ካልተለየው ነው የሚበሰብሰው ተባለ። እኛ አገር ውኃው ከየት ይምጣ? እናቴ ከወንዝ አዝላ የምታመጣው ለሰውም አልበቃም። ትልልቁን ለቅመን አወጣን፤ ብጥስጣሹ ግን ከማዳበሪያው ጋር ማሳ ገባ።

በእኛ ዘንድ አዝመራ ከተነሣ በኋላ ማሳ የግል አይደለም፤ የመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቅበታል። ጎረቤታችን ባልቴት ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ተሰዶ አንዲት ላም ብቻ ቀርታቸዋለች። በዚያው ዓመት የአንድ ሰው በሬ ሆዱ ተነፍቶ ቢታረድ፣ ፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘበት። ከማን ማሳ እንደበላው ማን ያውቃል? እናቴ ግን እንቅልፍ አጣች።

«የዚያች ጎረቤቴ ላም በኔ ማሳ ብትሞት በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ከብት ከመለቀቁ በፊት ትለቅማለች። ማረሻው በየዓመቱ ሌላ ያወጣል። የለቀመችውን ብትቀብረው ተመልሶ ይወጣል፣ ብታቃጥለው ይከረፋል፤ ስለዚህ በጆንያ እየጠቀጠቀች ቆጥ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ እነጫነጭባት ነበር፤ ተይው፣ አንድ ቀን ይበሰብሳል እላታለሁ። አንዴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ እኔ እቀድመዋለሁ» አለች።

ቀደመችው። ካረፈች ሰነበተ፤ ጆንያው አሁንም ቆጡ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ባልቴቷ ላማቸውን በገመድ ይዘው ማሳው ዳር ቆሙ። ልልቀቃት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለቅሜ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ እግሬ ሥር ግን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸውና እንደገና ከዳር ጀመርሁ።