ከደረቅ ገንዳ የወጣው ቦውለር

ኧረ ተዉኝ! ሐበሻና ክሪኬት ምን አገናኘው ትሉኛላችሁ፣ ደሞ ትስቃላችሁ። ባለፈው ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ሳወራ አንዱ «አንተ እንኳን ክሪኬት ልትጫወት፣ አውቶብስ ሲያመልጥህም አትሮጥም» አለኝ። እሺ፣ ሳቁ። ሰርተፍኬት የለኝም፤ ሃይስኩልንም በጓሮ በር ነው የወጣሁት። ግን ቬጋስ ውስጥ በክሪኬት የሐበሻ ስም ከተነሳ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ፈልጌ አጣሁ።

እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ ቴፕ ሲሸተኝ ያ ጊዜ ድቅን ይልብኛል። ልጅ ነበርኩ። ኮሮና ገብቶ ካዚኖው ሁሉ ተዘጋ፤ የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ ስትሪፑ፣ መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ጭር አለ። አባዬ ታክሲውን አቆመ፣ እማዬም ሆቴል ክፍል ማጽዳቱ ቀርቶባት ቤት ዋለች። የአፓርትመንታችን ማኔጀር ደሞ ሰው እንዳይሰበሰብ ብሎ የመዋኛ ገንዳውን ውሃ አፍስሶ በሩን በሰንሰለት ቆለፈው። ሰውዬው የዘጋብን መስሎታል፤ ለእኛ ግን ስታዲየም ነው የሰጠን።

ክሪኬት ያስተማረኝ ኢምራን ነው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የፓኪስታን ልጅ ነው፤ አባቱም እንደ አባዬ ታክሲ ነጂ። የቴኒስ ኳስ በቴፕ ጥቅልል አድርጎ አመጣና አጥሩን ዘለን ገባን። እኔ ቦውለሩ ነኝ፣ ወርዋሪው፤ ጥልቁ ጋ ቆሜ፣ ክንዴን ሳላጥፍ፣ ኳሱን ወለሉ ላይ አንጥሬ ሽቅብ እወረውራለሁ። እሱ ከፍ ያለው ጋ ቆሞ በክሪኬት ዱላው ይመታል። ከኋላው የቀለም ባልዲ አለ፤ ባልዲውን ከመታሁ እሱ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ሲሚንቶው እግር ያቃጥላል፣ የክሎሪኑ ሽታ አልለቀቀም፣ ቴፑ በፀሐይ ቀልጦ ጣታችን ላይ ይጣበቃል። በሉ አስቡት፤ ሌላው ልጅ ሜዳ ላይ ሲወረውር እኔ ዳገት ላይ ነው የምወረውረው። ክንዴ ካልጠነከረ የማን ይጠንክር?

ዳኛችን አባዬ ነበር። ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ኢምራን ሕጉን ነገረው፤ ባልዲውን ሊመታ የነበረን ኳስ ተጫዋቹ በእግሩ ካስቀረው ይወጣል፣ ግን ዳኛው በዓይኑ ቢያይ እንኳ ከወርዋሪው ቡድን አንዱ ጮኾ ካልጠየቀው አይፈርድም። አባዬ በሳቅ ፈረሰ። «እንዲህማ ከሆነ በደንቡ ነው የምትጠይቁኝ» አለ። ድሮ አገር ቤት የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳ ዱላ እንኳ አየር ላይ ይቆም ነበር ብሎ አጫወተን። ከዚያ ወዲያ ኢምራን ሳይቀር «በሂግ አምላክ!» እያለ ገንዳውን ያናጋው ጀመር።

ኢምራን ክለብም ነበረው። ክፍያውን የሚከፍልለት ነዳጅ ማደያ ያለው፣ ሮድስ ራንች የሚባል የሀብታም ሰፈር የሚኖር አጎቱ ነው። እኔም አጎት ነበረኝ፤ እሱ ግን የእኛ ሶፋ ላይ ነበር የሚተኛው። የክለቡ ልጆች እዚያው ሮድስ ራንች፣ ጓሯቸው ውስጥ መረብ ተዘርግቶላቸው፣ የግል አሰልጣኝ ቤታቸው ድረስ እየመጣላቸው ነው የሚለማመዱት። እኛ ማኔጀሩ ሲመጣ መሮጥንም ጨምረን ነበር የምንለማመደው።

በዓመቱ፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ሲከፈት፣ ክለቡ ግሪን ቫሊ ከሚባል ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ያዘ። ሁለት ልጆች ኮሮና ይዟቸው ቀሩ። ኢምራንም ለአሰልጣኙ፣ ለኮች ሱሬሽ፣ ስለ እኔ ነገረው። ነጭ ልብስ ያስፈልጋል ሲሉኝ እማዬ የጥምቀት ሱሪዬን አውጥታ ተኮሰችልኝ። በሩ ላይ ኮሌታዬን እያስተካከለች «እዚያ ሄደህ እንዳታሳፍረኝ» አለችኝ። «በትልቅ ሰው ፊት ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ወላጅ ሜዳ አይገባም፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይይ ተብሎ ነበር። የነሱ ወላጆች አዳዲስ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው፣ መስኮት ዘግተው፣ ኤሲ ከፍተው ያያሉ። የአባዬ አሮጌ መኪና ኤሲው ከሞተ ቆይቷል፤ አራቱንም መስኮት ከፍቶ በጋዜጣ ያራግባል።

ጨዋታው እስኪጋመስ ጥግ አቁመውኝ ኳስ ስለቅም ቆየሁ። ከዚያ ኮች ሱሬሽ ጠራኝ። «ክለቡ ያለ ክፍያ የሚጫወት አንድ ልጅ መውሰድ ይችላል። ስድስት ኳስ እሰጥሃለሁ፤ አንድ ሰው ካወጣህ ቦታው ያንተ ነው» አለኝ። ካላወጣሁ ወደ ገንዳዬ መመለሴ ነው፤ እሱንም ውሃ ሊሞሉት ነው እየተባለ ነበር። ካፒቴኑ ቪሃን፣ በባልዲ ፈንታ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ኋላ ቆሞ ኳስ የሚቀበለው ልጅ ነው፤ እነዚያን ስድስት ኳሶች ሊወረውር የነበረው የአጎቱ ልጅ ስለነበር አኩርፏል። «ሱሪህ ቆንጆ ነው ብሮ፣ ሰርግ አለህ?» አለኝ። «አዎ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ፤ አንተ ሚዜ ነህ፣ ዝም ብለህ ኳስ ያዝ» አልኩት።

ወረወርኩ። ዳገት የለመደ ክንድ ሜዳ ሲያገኝ ታውቃላችሁ? ኳሱ እንደ እባብ መሬት ለመሬት ሄደ። የመጀመሪያዎቹን የሚመታው ልጅ ጭራሽ አላያቸውም። ቀጥሎ አንዱ እንጨቶቹ ፊት እግሩን ጧ አደረገው። ወጣ! ዳኛው ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ የእናቴ ልጅ፣ በትልቅ ሰው ላይ ልጩህ? እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ፍርዴን ጠበቅኩ። እሳቸውም እኔን ጠበቁ። ኢምራን ሩቅ ነው፣ አላየም። ቪሃን አየ፤ ዓይኔን ዓይኔን እያየ አፉን ዘጋ። ጨዋታው ቀጠለ።

ኮች ሱሬሽ ራሱን ያዘ። «ለምን አልጠየቅክም?!»

ከዚያ ከመኪናዎቹ መሃል አንድ ድምፅ መጣ። የሌላው መስኮት ሁሉ ዝግ ነው። «አንተ ልጅ! አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል! አፍህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» አባዬ ግማሽ አካሉ በመስኮት ወጥቷል፣ ጋዜጣውን እንደ ባንዲራ ያውለበልባል። አፈርኩ፣ ደሞ ሳቄ መጣ።

የቀረኝ አንድ ኳስ ነው። ገንዳውን አሰብኩ፣ ዳገቱን፣ ባልዲውን። ሮጬ ለቀቅኩት። ጧ! አሁንም እግሩን፣ አሁንም እንጨቶቹ ፊት። ወደ ዳኛው ዞርኩና ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው፤ የእማዬን አደረስኩ። ከዚያ ቀና ብዬ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ የአባዬን አደረስኩ፤

«በሕግ አምላክ!»

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ፣ ጣታቸውም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ልጁ ወጣ ማለት ነው። ኢምራን ከሩቅ እየሮጠ መጥቶ ጀርባዬ ላይ ወጣ። ኋላ ሽማግሌው አባዬን የቃሉን ትርጉም ጠይቀው ሲሰሙ «ስንት ዘመን ስዳኝ እንዲህ አክብሮ የጮኸብኝ ልጅ የለም» አሉ። አባዬ ለወር ያህል ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ያን ሲዝን ያለ ክፍያ ተጫወትኩ። በመጨረሻ ቪሃንም ሳይቀር እኔን ተከትሎ «በሂግ አምላክ!» ይል ነበር፤ ከእኔ በላይ። ዛሬ እሱ ሩቅ ኮሌጅ ገብቷል፣ እኔ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ፤ ከነዚያ ወላጆች መኪና አንዳንዱ እጄ ይገባል፣ መስኮቱን ሁሌ ከፍቼ ነው የምነዳው። ገንዳውም ውሃ ሞልቷል። ልጆች ይንቦጫረቁበታል፤ ከሥራቸው ምን እንዳለ አያውቁም። እንደዛሬው ቢሆን ማን ባዶ ገንዳ ይሰጠኛል? ሁሉ ነገር በተከፈተበት ጊዜ ለእኔ ቢጤ ስንቱ በር ዝግ ነው። ያኔ ሁሉ ሲዘጋ ነው የእኔ የተከፈተው።

አሁንም ታሾፋላችሁ? እሺ፤ ሮድስ ራንች ሂዱና ያኔ የነበረን ማንንም ልጅ አስቁሙት። ስሜን እንኳ አትጥሩ። «በሕግ አምላክ» ብቻ በሉትና እጁ ወዴት እንደሚወጣ እዩ።