ነጅማ ሰይድ፣ አቤት

ደብተሩ የመጣው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። የወንድሜ ልጅ ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ነጅማ ለአክስትሽ ስጪልኝ ብላ ነው» አለችና ጠረጴዛው ላይ ጥላው ወደ ስልኳ ተመለሰች። ነጅማ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለውን የአባቷን ጨርቅ ቤት በዚህ ሰሞን እየለቀቀች ነው፤ መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ሱቁ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። መደርደሪያ ስታራግፍ ያገኘችው ነገር ይሆናል ብዬ ፌስታሉን ፈታሁት። ከጀርባው የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት፣ ጫፍ ጫፉ የተጠቀለለ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ወጣ። ሳልገልጠው አወቅሁት፤ ነጅማ ዘንድ የቀረ የኔው ደብተር ነው። የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ሸተተኝ፤ የነነጅማ ቤት ሽታ ነው።

አስረኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ወንድሜ ሙሉጌታ ቱሪስት ይዞ ወደ ሰሜን ተራሮች ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን በመንገዳቸው ኮሶዬ ላይ ምሳ ሲበሉ አንዲት ፈረንጅ ልጅ አንብባ የጨረሰችውን መጽሐፍ ሰጠችውና ይዞልኝ መጣ። ዝናብ መትቶት ገጾቹ አብጠዋል፣ ሽፋኑም የለም። ርዕሱንም የደራሲውንም ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ታሪኩ ዙሪያዋን በግንብ ስለታጠረች ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ልጆች አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አደባባይ ይጠሩና ስማቸውን ያስረክባሉ። ከዚያ በኋላ መጠሪያቸው የተመደቡበት ሥራ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ፣ ግንበኛ፣ በር ጠባቂ እየተባሉ ከነቁጥራቸው ይኖራሉ። ዳቦ ጋጋሪ እንድትሆን የተመደበች አንዲት ልጅ ብቻ ስሜን አልሰጥም ትላለች። እኛም ግንብ በሞላበት ከተማ ነው ያደግነው፤ የኛዎቹ ግን ፎቶ ለመነሳት ነበር የሚያገለግሉት።

ያ መጽሐፍ አሳበደኝ ብል አላጋነንሁም። ከጓደኞቼ በእንግሊዝኛ ሊጨርሰው የሚችል ስላልነበረ ልተረጉምላቸው ተነሳሁ። በየቀኑ ከትምህርት መልስ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሙሉጌታን መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ። ያልገባኝን እዘለዋለሁ፣ ያልጣመኝን ደግሞ እቀይረዋለሁ። የልጅቱን ስም እንኳ «ነጻነት» ብዬ ቀየርሁት። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ምን ታደርጉኛላችሁ! ክፍላችን ውስጥ ነጻነት የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሴሚስተሩን ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የጨረሰችው።

ያኔ በየክፍሉ አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። ውጤቱ ደህና የሆነ ተማሪ መሪ ይሆንና የቡድኑን ልጆች ያስጠናል፣ ማን እንደቀረና ማን የቤት ሥራ እንዳልሠራ ለአስተማሪ ያሳውቃል። የኛ ቡድን መሪ እኔ ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት የጓደኞቼን ስም እየቆጣጠርሁ ከሰዓት በኋላ ስሟን ስላልሰጠችው ልጅ እጽፋለሁ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ መጣላታቸው አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም። በእረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምን አዲሱን ምዕራፍ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ ደብተሩን ተራ በተራ ቤታቸው እየወሰዱ ይደግሙታል። ሌሎቹ ያለቅሳሉ፣ ያጨበጭባሉ። ነጅማ ግን መጠየቅ ነው ሥራዋ።

«ልጅቱ ከጠፋችስ ዳቦውን ማን ሊጋግረው ነው?» ትለኛለች።

«ምነው አንቺ! ስለ ነጻነት እያወራን ስለ ዳቦ ትጠይቂያለሽ?»

«ሰው መቼም ይበላል» ትላለች ቆሎዋን እየዘገነች።

እንዲህ ነበረች። ሒሳብ ላይ የሚያህላት አልነበረም፤ ልቧ ያለው ግን ሱቁ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት ስንሰበሰብ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። ዓይኗን በሻሽ እናስርና ከየጣቃው ጫፍ ጫፉን እያቀበልን እናስነካታለን። «ይሄ ፖፕሊን ነው። ይሄ ካኪ። ይሄን ደግሞ አትግዙ፣ አንዴ ከታጠበ ይሸበሸባል» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። አባቷ ሐጂ ሰይድ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ይስቃሉ፤ ስንወጣ ለእያንዳንዳችን ቁራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊት ብለው ይሰጡናል። የአሻንጉሊት ዕድሜ ያለፈን መሆኑን ልንነግራቸው አፍረን ሁልጊዜ እንቀበላቸው ነበር።

የአስረኛ ክፍል ውጤት መጣ፣ ሁላችንም አለፍን። ለአስራ አንደኛ ክፍል ስንመዘገብ ናቹራል ወይም ሶሻል የሚያስመርጥ ቅጽ ተሰጠን። ያኔ ጎበዝ የተባለ ሁሉ ናቹራል ነው የሚገባው፤ ሶሻል ውጤቱ አልበቃ ያለው ሰው የሚሄድበት ነው ይባል ነበር። የክፍል ኃላፊያችን የየቡድኑ መሪ ቅጹን ሰብስቦ እንዲያስገባ አዘዘን፣ ቢበላሽ ብሎም ትርፍ ወረቀት ጨመረልን። ስሰበስብ የነጅማን አየሁት፤ ሶሻል ላይ ነው ምልክት ያደረገችው። ደሜ ፈላ። ሐጂ ሰይድ የሜትር እንጨታቸውን ይዘው ልጃቸውን ባንኮኒ ጀርባ ሲያስሯት በዓይኔ ላይ ዞረብኝ። ሰውየው በዕድሜያቸው ማንንም አስረው አያውቁም፤ እኔ ግን መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ነጅማን ስሟን ሊያስረክቧት ነው፣ ማዳን አለብኝ አልሁ። ከትርፉ ወረቀት አንዱን አወጣሁና ስሟን፣ ውጤቷን ሞላሁ። ምልክቱን ናቹራል ላይ አደረግሁት። የእሷን ቀድጄ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። ትልቅ ሥራ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ነጅማ እዚያው ሰሌዳው ሥር ደርቃ ቀረች። ለካ የማላውቀው ጉድ ነበር። ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ሲመኙ የኖሩት ሐጂ ሰይድ ራሳቸው ነበሩ። ነጅማ ክረምቱን በሙሉ ስትለምናቸው፣ እናቷን ስታስለምን፣ አካውንቲንግ ተምሬ ሱቁን አሳድግልሃለሁ እያለች ስታስረዳቸው ከርማ፣ ከምዝገባው በፊት በነበረው ሳምንት ነው በግድ «እሺ» ያሏት። አሁን ስሟ ናቹራል ላይ ሲወጣ ደስ አላቸው። «አላህ ነው የመረጠልሽ፣ ልጄ» ብለው ግንባሯን ሳሟት። መዝገብ ቤት ሄዳ ብታመለክት ክፍሉ ሞልቷል፣ ቅጽሽም ይኸው ተባለች። ቅጹን አወጡና አሳዩዋት። አንድ ዓመት ሙሉ ስታነበው የኖረችው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ሳይነግራት አወቀችው።

ለመዝገብ ቤቱ ሰው አልተናገረችብኝም። በቀጥታ ወደ ባሕር ዛፉ መጣች።

«ምነው?» አለችኝ።

«ነጻ ላወጣሽ ብዬ ነው» አልኋት።

«ከማን?»

ዓይኔን ወደ ዛፉ ግንድ መለስሁ። «አንቺስ ምን መረጥሽ?» አለችኝ። ናቹራል አልኋት። «ምነው?» ስትለኝ ስለ ራሴ ያሰብሁበት ቀን እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ጎበዝ ሁሉ ናቹራል ስለሚገባ ነበር የገባሁት። ይህንኑ ነገርኋት። አንገቷን ነቀነቀችና ሄደች።

በማግሥቱ ትምህርት ተጀመረ። የኛ ክፍልና የሶሻሉ ክፍል በረንዳ ለበረንዳ ፊት ለፊት ናቸው። ጠዋት የክፍላችን አለቃ ስም ሲጠራ «ነጅማ ሰይድ» አለ። ዝም። «ቀሪ» ብሎ መዘገበ። ከማዶ ደግሞ የሶሻሎቹ አለቃ ስም ጠርቶ ሲጨርስ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ነጅማ ሰይድ» አለች ነጅማ፤ ራሷም «አቤት» አለች። ክፍሉ ሳቀ። የጂኦግራፊ አስተማሪው ስምሽ የለም ብሎ አስወጣት፤ መስኮቱ ሥር ቆማ ስትጽፍ ዋለች። በማግሥቱም ተመልሳ ገባች፣ ስም ተጠርቶ ሲያልቅ ተነስታ ራሷን ጠራች፣ ራሷ አቤት አለች። በሦስተኛው ቀን የሳቀ አልነበረም፣ አስተማሪውም አላስወጣትም።

አስራ አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ዓመቱን ያጣል፣ ሕጉ ይህ ነው። እኔ ቀኑን እቆጥር ነበር። ስድስት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ሄጄ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ ብል ነገሩ ያኔውኑ ያልቃል። ሦስት ጊዜ ርዕሰ መምህሩ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። ወላጅ አምጪ መባሉን ፈራሁ፣ መባረሩን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው እንዴት ያየኛል የሚለውን ፈራሁ። ነጻነትን በግንብ ላይ ያስዘለልሁት፣ ከወታደር እጅ ያስመለጥሁት እኔ አንድ በር ማንኳኳት አቃተኝ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ሐጂ ሰይድ ተጠሩ። ልጅዎ ከትምህርት ቀርታለች የሚል ደብዳቤ ነው የደረሳቸው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር በበረንዳው ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው፤ የሚሄዱበትን ቀና ብለው እንኳ አያዩም ነበር። ሁለቱ በሮች መሐል ሲደርሱ የስም ጥሪው ሰዓት ነበር። በኛ በኩል «ነጅማ ሰይድ» ተባለ፣ ዝም፣ «ቀሪ»። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ፣ ጥርት ባለው ድምፅ፣ «ነጅማ ሰይድ፣ አቤት» ሲባል ሰማን። ሐጂ ዘወር አሉ። ልጃቸው ከመጨረሻው ወንበር ቆማለች፤ ስታያቸው አልተቀመጠችም።

«ቀርታለች አላችሁኝ እኮ» አሉ ርዕሰ መምህሩን። «ልጄስ አለች። ካለችበት ጻፉልኝ።»

በዚያው ቀን ስሟ ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔ በዚያች ሰዓት ብድግ ብል ይሰሙኝ ነበር፣ ከሐጂ የምርቀው አሥር እርምጃ አይሞላም። ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ሐጂ ሰይድ ቅጹን ማን እንደሞላው ሳያውቁ ነው ያረፉት፤ ነጅማ ነግራቸው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ አልተነጋገርንም። አስራ ሁለተኛ ልንጨርስ ስንል እናቴ ለመመረቂያ ቀሚስ ጨርቅ እንድገዛ ላከችኝና፣ ሌላ ሱቅ ልሂድ ብል እግሬ እምቢ ብሎኝ እነሱ ቤት ገባሁ። ነጅማ ነበረች የለካችልኝ። ሦስት ሜትር ለክታ ግማሽ ሜትር ሳትናገር ጨመረችልኝና ቆርጣ አጠፈችው። «ይቅር በይኝ» አልኋት። «ሸጋ ጨርቅ ነው፣ እንዳታስጠብቢው» አለችኝ። በዚያው ታረቅን።

አሁን ደብተሩን ስገልጠው እኔ የጻፍሁት የመጨረሻው ምዕራፍ አይታይም። ነጻነትን በተራራ አሻግሬ ያስመለጥሁበት ገጽ ጀርባቸው ላይ በተጻፈባቸው የሱቁ ደረሰኞች ተሸፍኗል። ጽሑፉ የነጅማ ነው። ለካ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከሙሉጌታ ተውሳ፣ እኔ የቀየርሁትን መጨረሻ እንደ ዋናው አድርጋ ተርጉማዋለች። ትርጉሙ ስህተት ይበዛበታል፣ ነገሩ ግን የመጽሐፉ ነው። በሩ ተከፍቶላት ልጅቱ አትወጣም። ወደ ዳቦ ቤቱ ትመለሳለች፣ ዱቄቱ ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ዳቦ ሊገዛ የመጣውን የመጀመሪያ ሰው ስሙን ትጠይቀዋለች፣ የራሷንም ትነግረዋለች። ያኔ ይህን መጨረሻ ሽንፈት ነው ብዬ ነበር የጣልሁት። ደብተሩ የመጣ ዕለት ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁትና አለቀስሁ።

እኔ ፋርማሲስት ሆኛለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። መርጬው እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። ለእኛ ያ አንድ ያበጠ መጽሐፍ ብርቅ ነበር፤ ማርታ እንዲህ ያለውን ታሪክ በስልኳ በሳምንት ሁለት ትጨርሳለች፣ ግንብ የሚያፈርሱ ልጆች ሞልተውላታል። ያን ባሕር ዛፍ፣ ያን ቆሎ፣ ተራ ጠብቀን የምናነባትን አንዲት ገጽ ግን አላገኘችም ብዬ አንዳንዴ አዝንላታለሁ። እሷ ደግሞ ለእኔ ሳታዝን አትቀርም።

ትናንት ከሰዓት ስልኳን አስቀምጣ ቦርሳዋን ከፈተችና አንድ ወረቀት አወጣች። ናቹራል፣ ሶሻል። ዓይነቱ ትንሽ ተለውጧል እንጂ ያው ቅጽ ነው።

«አክስቴ፣ አንቺ ሙዪልኝ። የቱ ይሻለኛል?» አለችና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

የቱ እንደሚሻላት አውቃለሁ ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እስክሪብቶውን መልሼ እጇ ላይ አኖርሁትና ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ዛሬ ጠዋት ቅጹን ይዛ ሄደች። ምን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅ ግን እንዴት አድርጎ እንዳማረኝ።