ሰው የማይከፍተው ፓምፕ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ያለንበት ፎቅ ላይ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የዚያን እሑድ ጠዋት ጀሪካን እየሞላሁ ሳለ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ማሳያው ሰማያዊ ሆኗል። ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር የተከራየነው የሽንኩርት ማሳ ውሃ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ፓምፑን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰው አይደለም፤ አፈር ውስጥ የተቀበሩትን መለኪያዎችና የአየር ትንበያውን እያየ ራሱ የሚወስን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

«ዛሬስ ደጋገመው» አልኩት።

«ዝናቡ እንደሚዘገይ አውቋል። ወንዙ ሳይጎድል ቀድሞ እያጠጣልን ነው» አለኝ ኮራ ብሎ።

እኔን ግን ደስ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ከእኛ ማሳ በታች የሚያርሱት ሽማግሌ ደወሉ። «ልጄ፣ ወንዙ እኛ ጋ መድረስ አቁሟል። ከብቶቹ ጭቃ እየላሱ ነው።»

ባለቤቴ ደንግጦ ወዲያው ፓምፑን በስልኩ ዘጋው። እራት ላይ ስናይ ማሳያው መልሶ ሰማያዊ ሆኗል። ማሽኑን የገጠሙልን ልጆች ጋ ቢደውል፣ «ሰብሉ ሊጎዳ ነው ብሎ ከገመተ ራሱ መልሶ ይከፍታል፤ የተሠራው እንደዚያ ነው» አሉት።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅደን በጠዋት ወጣን። ስንደርስ ፓምፑ እያጓራ ነበር። ዙሪያውን ወንዶች ቆመዋል፤ ዱላ የያዙም አሉበት። ሰላምታችንን የመለሰልን የለም። ከማሳችን በታች ከወንዙ የቀረው እዚህም እዚያም ያቆረ ውሃ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ቀረብ አሉ። «ማነው የሚከፍተው?»

«ማሽኑ ራሱ ነው፣ አባባ።»

«እና እኛ ከማን ጋር እንነጋገር?»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለው። እዚያው ሣር ላይ ተቀምጠን ውሃውን በተራ ልንጠቀም ተስማማን። ተራችን እስኪደርስ ሽንኩርቱ ግማሹ ደረቀ፤ ቢሆንም ሁለታችንም አልተቆጨንም።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው እንደገና ደወሉ። ከእኛ በላይ ያሉት እርሻዎች ያንኑ ማሽን አስገጥመው ኖሯል። ወንዙ አሁን የእኛም ማሳ ጋ አይደርስም።

«የእኛ ሰዎች ወደ ላይኞቹ እርሻዎች እየወጡ ነው» አሉ። «ልመልሳቸው አልቻልኩም።»

ባለቤቴ እየከነፈ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ የሆነውን ነገረኝ። ፓምፖቹ ተሰባብረዋል። የአንደኛው እርሻ ዘበኛ ተደብድቦ ሆስፒታል ገብቷል። ሽማግሌውን ፖሊስ ወስዷቸዋል።

ዝናቡ እስካሁን አልጣለም።