ቃሬዛውን የተቀበለኝ ሰው

የነበርነውን ላስታውስ። ባልየው፣ ወንድሙ፣ የሰፈሩ ሸማኔ፣ የደብሩ ቄስ፣ ከቆላ ለገበያ ወጥቶ ዝናብ ያሳደረው ሙስሊም ነጋዴ፣ እኔ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ከጎኗ እጇን ይዛ የምትሄደው እናቷ። ስም አልጠራም፤ የነበረ ራሱን ያውቃል።

ቦታው ከአንኮበር በታች ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ሞባይል እየጠገንኩ ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝ የለም። ያን ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወርጄ ነበር። አምቡላንሱ ጭቃውን ፈርቶ ላይኛው መንገድ ላይ ቆሟል፤ ሴትዮዋን እዚያ ማድረስ የእኛ ፈንታ ሆነ። ምጡ ከያዛት አንድ ሌሊት አልፎ፣ እናቷ ማልቀስም ደክሟት ነበር።

ቃሬዛ አራት ሰው ይይዘዋል፤ የቀሩት ከኋላ ይከተላሉ። በአገራችን የደከመ ሰው ደከመኝ አይልም። ከኋላ ያለው አይቶ ጠጋ ይልና "ልቀበልህ" ብሎ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ያስገባል። ቃሬዛው አይቆምም።

ሸማኔው ከፊቴ ነበር።

"ሊቁ፣" አለኝ ዞር ሳይል፣ "ቤተ ክርስቲያን መሳለም ከተውክ ቆየህ። ለጽድቅ ካልሆነ ትከሻህ በከንቱ ሊላጥ ነው?"

"ይላጥ እንግዲህ።"

ሳቀ። እኔ ከማንም ተጣልቼ አይደለም የተውኩት፤ ቀስ በቀስ ቀረሁ። ማስረዳቱ ከመሸከሙ ይልቅ ያደክመኛል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ስንደርስ ባልየው ወደ ደብሩ ዞረ። ታማሚ በቃሬዛ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይወርዳል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ልማዱ ነው። ግን በዚያ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ነው።

"ጋሼ፣ በገደሉ ብንወጣ ይቀርባል፤" አልኩ።

"ሳናሳልማት? አንተ ስለማታምን ነው።"

ቄሱ ጎንበስ ብለው የሴትዮዋን ፊት አዩ። ከንፈሯ ነጥቷል።

"ደጀ ሰላሙ የትም አይሄድም፤" አሉ። "በገደሉ።"

መስቀላቸውን ከብብታቸው አውጥተው፣ ከቃሬዛው ጎን እየተራመዱ ግንባሯን ዳሰሷት። ወዲያው አንሸራተታቸውና በጉልበታቸው ወደቁ።

"ቀስ፣ አባ፤" አለ ነጋዴው፤ "ሁለተኛ ቃሬዛ የለንም።"

ዳገቱ ላይ ጉም ወረደ። ቁልቁል በኩል የያዝነው እኔና የባልየው ወንድም ስለነበርን ክብደቱ እኛ ላይ ወደቀ። እግሬ ጭቃው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ብወድቅ አብራኝ ትወድቃለች፤ ይህን እያወቅሁ ደከመኝ ማለት አልቻልኩም። ያኔ ከኋላዬ ተረከዜ ተረገጠ። "ልቀበልህ" የሚል የሻከረ ድምፅ ሰማሁ፣ እርጥብ ጋቢ ሸተተኝ፣ እንጨቱ ከትከሻዬ ተነሣ። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ጉሙ ሁሉንም ውጧቸዋል።

ሴትዮዋ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ባልየው እግዚአብሔር አተረፈልኝ ይላል፤ አልከራከረውም። እሷ ግን በቀደም፣ ደጃቸው ስደርስ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ "ገደሉ ላይ የተሸከመኝ ማን ማን ነው? እናቴ ያየችው ጉም ብቻ ነው። ሁሉንም ሰው ባውቅ ይቀለኛል።"

ኋላ የነበሩት ቄሱና ነጋዴው ይመስሉኛል። ነጋዴውን ገበያ ላይ አግኝቼ ብጠይቀው "አባ ናቸው" አለኝ። ቄሱ ደግሞ "እሱ ነው እንጂ" አሉና ፈገግ ብለው ጨመሩ፦ "መልአክም ሊሆን ይችላል፣ ልጄ።"

"መልአክ የሰው ተረከዝ አይረግጥም፣ አባ።"

ሳታምን በምን ትኖራለህ የሚሉኝ አሉ። ሲጠይቁኝ የሚመጣብኝ ያ የሻከረ ድምፅ ነው። መልአክ ካልሆነ ደግሞ ሰው ነው፤ ሰው ከሆነ ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፤ የጎደለውን ጨምሩበት። በተለይ ከእኔ የተቀበለው ማን እንደሆነ ንገሩኝ። እሷ እየጠበቀች ነው።